ውልብልቢት

ውልብልቢት «ተውለበለበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው። በአውሮፕላን ላይ ሲሆን ፕሮፔለርን ይሰይማል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ ባንዲራን ነፋስ ያውለበልበዋል፣ ውልብልቢት ግን ራሱ ነፋስ ያስነሣል፤ አየሩን ወደ ኋላ እየገፋ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይስባል።

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ባለው ለሚ ኩራ ሰማይ ላይ የሚታየው ቦምባርዲየር ኪው400 ጥሩ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይበርበታል። በሁለቱም ሞተሮቹ ላይ ዳር እስከ ዳር 4.1 ሜትር ገደማ የሆነ ባለ ስድስት ክንፍ ውልብልቢት አለ።

አንዱን ክንፍ ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ጥምዝ መሆኑን ይረዳል። እምብርቱ አጠገብ ወደ በረራው አቅጣጫ ቀና ይላል፤ ወደ ጫፉ እየተኛ ይሄዳል። ለመነሣት በደቂቃ 1,020 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 220 ሜትር ያህል ይሮጣል፣ መሐሉ ግን የዚያን ግማሽ ብቻ። ጥምዙ ባይኖር ኖሮ አንዱ ክፍል አየሩን በልኩ ሲቀዝፍ ሌላው ጉልበት ያባክን ነበር።

ጫፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት ከተጠጋ ደግሞ ጩኸቱም የአየሩ ተቃውሞም ይበረታል። ስለዚህ ከፍታ ላይ ዙሩ ወደ 850 ይወርዳል፤ ክንፎቹም በየሥራቸው ዞረው አየሩን በሰፊ ማዕዘን ይቆርጣሉ። ሞተር ቢጠፋ ስለታቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቆማሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እያንዳንዱ ክንፍ የሚገፋውም ያንሳል።