ከጣቢያው አጥር ማዶ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) አጼ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው ስለ ሱዳን ወሰንና ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውሃ በያዘው ቃል ነው። ለጋምቤላ ግን ዋናው አራተኛው አንቀጽ ነው። በኢታንግ አቅራቢያ፣ በባሮ ዳር፣ ወንዙን ተከትሎ ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት ይከራያል ይላል፤ ለፖለቲካም ለጦርም ጉዳይ እንዳይውል ይከለክላል። በመጨረሻ የተመረጠው ቦታ ከኢታንግ ሽቅብ፣ አኙዋኮች ይኖሩበት በነበረው የባሮ ዳርቻ ነበር። የዛሬዋ ከተማ የተነሣችው ከዚያ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር። ይህን ልክ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ወደ ጋምቤላ የገባ የመገናኛ ዘዴ ሁሉ፣ ከሬዲዮ ስርጭት በስተቀር፣ መጀመሪያ የተተከለው እንዲሁ ተለክቶ በተከለለ ቦታ ውስጥ ነው። ከተከለለው ቦታ ውጭ ላለው ሰው እንዴት ይድረስ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ ለነገ የሚተው ነበር። ዛሬ ኒውላንድ በሚባለው የጋምቤላ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ዋይፋዩ ከሳሎን ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ያለውን ወንበር ሳይደርስ ሲቀር ጥፋቱ የሚጣለው በራውተሩ አቅም ላይ ነው። እኔ ግን የምለው ችግሩ ከራውተሩ ይልቅ የቆየ ልማድ መሆኑን ነው፤ የሚለካው ሰዎቹ የሚውሉበት ስፍራ መሆኑ ቀርቶ መሣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወደቡ እንጀምር። ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት ሽቅብ የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላበት ወቅት፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ብቻ ነበር። በበጋ ወንዙ ይጎድላል፤ ጣቢያው ቁጭ ይላል። ሆኖም ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ከደጋው ይወርድ ነበር፤ ጨውና አቡጀዲ ደግሞ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ይህን የሚያደርገው መርከቡ አልነበረም፤ መርከቡ ከወንዙ ዳር አንድ እርምጃ አያልፍም። የጋምቤላን ወደብ እስከ ኢሉባቦርና ወለጋ ያዘለቀው ሸክም ያነሣው ሰው፣ የተጫነው በቅሎ፣ በየመንገዱ ያለው ሰፈርና በጎሬ፣ በቡሬ፣ በደምቢ ዶሎ የተቀመጠው ወኪል ነው። የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ ይህን ተረድቶ በጋምቤላ የወኪል ቢሮ፣ በጎሬና በደምቢ ዶሎ ደግሞ ቅርንጫፍ ይዞ ነበር። ንግዱ የሰፋው ትልቅ መርከብ ስለመጣ ሳይሆን መካከል ላይ ተቀብለው የሚያሳልፉ ስለበዙ ነው። ተቀባይ በሌለበት አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ባለው ሜዳ ላይ ለሚኖረው ሕዝብ፣ ወደቡ እንደሌለ ያህል ነበር።

ሽቦውም ከዚህ የተለየ መንገድ አልተከተለም። የኢትዮጵያ የቴሌኮም ታሪክ በ1894 በአዲስ አበባና በሐረር መካከል በተጀመረው መስመር ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የተዘረጋው ሽቦ ሲታይ የገዢ መቀመጫን ከገዢ መቀመጫ ያገናኛል፤ በመካከል ያለው አገር ምሰሶ ተሸካሚ ነው። ጋምቤላ በ1936 በጣሊያን እጅ ገባች፤ በመጋቢት 1941 ቤልጂጎች ከኮንጎ ያመጡት ጦር አስለቀቃት፤ ጣቢያው ተመልሶ በሱዳን አስተዳደር ሥር ዋለ። ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ውል አበቃና መሬቱ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የወሰኑ ምልክት ተነሣ ማለት ነው። ነገር ግን ስልክ ቢሮ፣ ፖስታ ቤትና ኋላም የመንግሥት ሬዲዮ መገናኛ ያረፉት እዚያው፣ ቀድሞ በተከለለው የከተማ እምብርት ዙሪያ ነው። ወሰን በወረቀት ይነሣል፤ የአሠራር ልማድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነሣም።

አንድ የሚቃረን ማስረጃ አለ፤ እርሱን ሳልጠቅስ ብቀር ክርክሬ የተንሸዋረረ ይሆናል። ሬዲዮ ነው። በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ሬዲዮ ከ1950ዎቹና ከ60ዎቹ ጀምሮ በዓለም ሲሰራጭ፣ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሽቦ፣ ያለ ጣቢያና ያለ ጸሐፊ እስከ ከብት ማደሪያው ደረሰ። ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ይተላለፍ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተደመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ እዚህ ላይ አጥሩ ተጥሷል አይባልም ወይ? ይባላል። ግን እንዴት ተጣሰ ብለን እንጠይቅ። ማሠራጫው ቀድሞም ኃይለኛ ነበር፤ የተለወጠው የተቀባዩ መሣሪያ ዋጋና ክብደት ነው። ደግሞም አድማጩ መልስ መስጠት አይጠበቅበትም። ኢንተርኔት ይህን ዕድል አይሰጥም። ስልኩ ይሰማል፣ ስልኩም ይመልሳል፤ መልሱ ካልደረሰ የተሰማው ሁሉ ከንቱ ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በ1980ዎቹ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ኢታንግ ከአፍሪካ ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ፤ በ1991 ተበተነ። ከታኅሣሥ 2013 በኋላ የደቡብ ሱዳን ጦርነት የኩሌን፣ የቲርኪዲን፣ የጄዊንና የንጉኒየልን የስደተኛ ሰፈሮች አስከተለ። በሁለቱም ዘመን የእርዳታ ድርጅት ግቢ በረጅም አንቴናው ወይም በሳተላይት ሰሃኑ ከሩቅ ይለይ ነበር። መገናኛው ለሥራው አስፈላጊ ነበር፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ያም ሆኖ ምልክቱ እዚያው አጥሩ ውስጥ ቀረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ መንግሥት የዘረጋው፣ ወረዳኔት የተባለው የወረዳዎች መገናኛ መረብም ሰሃኑን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ፣ የፕላዝማ ትምህርትም ቴሌቪዥኑን በክፍል ግድግዳ ላይ አደረገ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ በሳተላይት የሩቅ ወረዳን ከአዲስ አበባ ጋር ፊት ለፊት ማነጋገር ቀላል ነገር አይደለም። በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተሻገረው ምልክት ግን ከጽሕፈት ቤቱ በር እስከ ጤና ኬላው ያለውን ጥቂት መቶ ሜትር አልሄደም። ለሺዎቹ ኪሎ ሜትሮች በጀት ነበር፤ ለመቶው ሜትር አልነበረም።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1997፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1999 ጀመረ፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ከተቋቋመ በኋላ ታወር በየክልሉ በዛ፤ በ2022 ሳፋሪኮም ሁለተኛ ኦፕሬተር ሆኖ ገባ። የኒውላንድ ነዋሪ ኢንተርኔትን በመጀመሪያ ያወቀው በስልኩ፣ በፓኬጅ ገዝቶ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ኒውላንድ በጋምቤላ ከተማ በአብዛኛው የኑዌር ተወላጆች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ ጭቃ ቤትና ጎጆ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከገጠር ለትምህርት የመጣ የዘመድ ልጅ፣ ለሕክምና የመጣ እንግዳ፣ ባለቤቱና ቤተሰቡ አንድ ግቢ ይጋራሉ። የአገሩ ሙቀት ኑሮውን ይወስነዋል። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቆላ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት አንዳንድ ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ሥር የሚቀመጥ የለም። ልጁ የሚያጠናው፣ ሽማግሌው የሚያወራው፣ ቡና የሚፈላው ውጭ ነው። ቤት ማታና ዝናብ ሲመጣ የሚገባበት ነው።

አሁን ዋይፋይ ራሱ ከየት እንደመጣ እንይ። አሜሪካ በ1985 አንዳንድ የሬዲዮ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ለቀቀች፤ በ1997 የመጀመሪያው ደረጃ ወጣ፤ በ1999 ለቢሮና ለቤት የሚሆን ዕቃ በብዛት ገበያ ገባ። ያ ዕቃ የታሰበው ቀዝቃዛ አገር ውስጥ፣ ሰው በሩን ዘግቶ በሚውልበት፣ ግድግዳው እንጨትና ጂፕሰም በሆነበት ቤት ነው። የሚሠራበት የሙቀት ልክ በአብዛኛው እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ማለትም የጋምቤላ መጋቢት ገና ሳይጀምር ያበቃል። ዕቃውን ኒውላንድ አምጥተው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሲያስቀምጡት የቆርቆሮው ጣሪያና በር ሞገዱን ወደ ውስጥ ይመልሱታል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ በተለይ ሲረጥብ፣ ይውጠዋል። ተርፎ የወጣውን የማንጎ ቅጠል ይቀበለዋል። ቅጠል በአመዛኙ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይወዳል። ክረምት ሲገባ ኔትወርክ ደከመ የሚባለውን ብዙ ሰው ለዝናቡ ይሰጠዋል። በቤት ዋይፋይ ላይ ግን ጠብታው ራሱ ያለው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያዳክመው የረጠበው ቅጠልና የረጠበው ግድግዳ ነው። ዝናቡ በእውነት የሚጎዳው በከፍተኛ ሞገድ የሚሠራውን የሳተላይት ሰሃን ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከገበያ ነው፤ ጉልበት ያለው ራውተር ይገዛ፣ አንቴናው ይብዛ ይላል። ሒሳቡ ይህን አያግዝም። በክፍት ሜዳ ላይ እንኳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጉልበት አንድ አራተኛ ይሆናል፤ ስለዚህ ርቀትን ለማጠፍ ጉልበትን አራት ጊዜ ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህም ይደረግ እንበል። ቀደም ብዬ ያቆየሁት ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ የስልኩ ጉልበት አልጨመረም። ዛፉ ሥር ያለው ልጅ ምልክቱን በስክሪኑ ላይ ሙሉ ሆኖ ያየዋል፤ ገጹ ግን አይከፈትም፤ የእርሱ መልስ ራውተሩ ዘንድ አይደርስማ። በሶኬት የሚሰካው ማራዘሚያም ብዙ ጊዜ በዚያው ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ይልካልና ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርዳል፤ እርሱም ደግሞ ቤት ውስጥ ነው የሚሰካው። የሚሠራው ዘዴ ወኪሉን ጎሬ ላይ ያስቀመጠው ዘዴ ነው። ከራውተሩ ኬብል ይወጣል፤ ተራ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ በዚያው ኬብል መብራትም መላክ ይቻላል፤ ጫፉ ላይ ለውጭ ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀትና ውሃ የሚችል የዋይፋይ ማሠራጫ ከነአንቴናው ከቆርቆሮው ውጭ፣ ሰዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ እያየ ይቆማል። አንቴናው ከቅጠሉ በላይ ሳይሆን ከቅጠሉ በታች ቢሆን ይሻላል። ከፍታ ያለው ሁሉ ይበልጣል የሚለው እምነት ለታወር እንጂ ለግቢ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። የስልክ ዳታ ውጭም ውስጥም ይሠራል፤ ነገ ደግሞ ዝቅ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች ሁሉን ይሸፍናሉ፤ ታዲያ ስለ ኬብልና ስለ ምሰሶ ምን ያጨቃጭቃል? እውነት አለው፤ ብቻውን ለሚኖር፣ ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው የስልክ ዳታ ይበቃዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ግን ስምንት ሰው ስምንት ፓኬጅ መግዛት አለበት ማለት ነው፤ ከእነዚያ መካከል የሚከፍለው አንድ ወይም ሁለት ሰው ከሆነ የቀሩት ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያም እንዲሁ። ሳተላይቱን በተመለከተ ታሪኩ መልስ ሰጥቷል፤ የወረዳኔት ሰሃንም ከሰማይ ነበር የሚቀበለው። አዲሱ ሰሃን ፈጣን ቢሆንም ገመዱ የሚገባው ያው ሳሎን ውስጥ ካለ ራውተር ላይ ነው። ከዚያ እስከ ዛፉ ያለው መንገድ አልተነካም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ታሪክ አዋቂ የሚያነሣው ነው። የ1902ቱ ወሰን ኃያል መንግሥት በውል ያሰመረው ነው፤ የዋይፋይ ወሰን ግን ተፈጥሮ ያሰመረው ነው፤ ሁለቱን ማዛመድ ነገር ማጣመም ነው ይላል። በከፊል እቀበላለሁ። የቅኝ አገዛዝ ጥቅምና የቅጠል ውሃ አንድ አይደሉም፤ በቆርቆሮ ላይ ክፋት የለም። የማዛምደው ምክንያታቸውን ሳይሆን ዕቅዳቸውን ነው። የውሉ ጸሐፊ መሬቱን በሜትርና በሄክታር ለካ፤ የወረዳኔት ተቋራጭ የሰሃኑን ቦታ ለካ፤ የዛሬው የዋይፋይ ገጣጣሚ ሶኬት ያለበትን ጥግ ይለካል። ሦስቱም ሥራቸውን ጨርሰው ሲፈርሙ ጣቢያው በእርግጥ ይሠራ ነበር። ጉድለቱ የሚታየው ከጣቢያው ሃምሳ እርምጃ ወጥቶ ለሚቆም ሰው ብቻ ነው፤ በርክክቡ ላይ ደግሞ እርሱ አይጠራም።

በእርግጥ የውጭ ሥራ የራሱ ጣጣ አለው። የጋምቤላ መብረቅ ቀልድ አያውቅም፤ ውጭ የተዘረጋ ኬብል ያለ መሬት ሽቦ ከተተወ መሣሪያውን ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንጨት ምሰሶ ለምስጥ ነው፤ ብረት ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ከተጨማሪ አንቴና ይልቅ አስተማማኝነትን ይጨምራሉ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ተነሥቶ እስኪገናኝ ደቂቃዎች የሚፈጅ ራውተር በተግባር የለም ማለት ይቻላልና። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ ግን ለውዱ ራውተር ይወጣ የነበረው ገንዘብ ከፊሉን ሊሸፍነው ይችላል። ለኒውላንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ትልቅ ግቢ ግዥ ሲታቀድ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው የመሣሪያው ስም ሳይሆን ሰዎቹ ከቀትር በኋላ የሚቀመጡበት ቦታ ቢሆን፣ የዕቃው ዝርዝር ራሱ ይለወጣል፤ ኬብል፣ የብረት ምሰሶ፣ የመሬት ሽቦ፣ ባትሪ ይገባበታል፤ በየክረምቱ ቅርንጫፉን ለሚቆርጠውና ኬብሉን ለሚፈትሸው ሰውም የሚከፈል ገንዘብ ይመደባል።