ጌጃ ሰፈርን ጋዜጣ ላይ ፍለጋ

የጌጃ ሰፈርን ታሪክ ልጻፍ ያለ ሰው ከየት ይጀምራል? የነገሥታት ዜና መዋዕል ስለ ጭቃ ቤትና ስለ ጉሊት አይጽፍም። የሽማግሌዎች ቃል አለ፤ ግን ሽማግሌ ያልፋል፣ ጎረቤትም ይበተናል። የሚቀረው ጋዜጣ ነው።

አዲስ አበባና ጋዜጣ አብረው ያደጉ ናቸው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ብዙ ሳይቆይ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ «አእምሮ»ን በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ያወጣ ጀመር። በ1917 «ብርሃንና ሰላም» ተከተለ። ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ ግንቦት 30 ቀን 1933፣ «አዲስ ዘመን» ተወለደ፤ እስከ ዛሬም ይታተማል። ስለዚህ ከተማዋ በወረቀት ላይ የለችም ማለት አይቻልም። ጥያቄው የትኛው ገጽ ላይ አለች ነው።

የፊት ገጹ ለሰፈር ቦታ የለውም። ልደታ ከቦሌ በፊት የመዲናዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረች፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለው ዜና ይወጣል። ከማረፊያው ወዲህ ማዶ የሚኖረው ሕዝብ ግን ዜና አይደለም። በንጉሡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ዘመን የመንግሥት ጋዜጣ የፊት ገጽ የሚያወራው ስለ መንግሥት ነው።

ወደ ኋላ ገጾች ሲገለጥ ነገሩ ይለወጣል። የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ካርታ፣ የወራሽነት ጥያቄ። እነዚህን ማንም ለታሪክ ብሎ አላሳተማቸውም፤ ለዚህም ነው የሚታመኑት። በማስታወቂያ ላይ የሰው ስም፣ የቤት ቁጥርና አድራሻ አለ። አድራሻው ራሱ ታሪክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ትናንት በባለቤቱ ስም ይታወቅ የነበረ ቤት የቀበሌ ቤት ተባለ። ከዚያ «ከፍተኛ» መጣ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ጣሪያ፣ አራት ዓይነት አድራሻ። ይህን ሰንሰለት ማያያዝ የሚችል ሰው የሰፈሩን ግማሽ ታሪክ አገኘ ማለት ነው።

ችግሩ ማግኘቱ ላይ ነው። የድሮ ጋዜጦች በወመዘክር እና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። ሆኖም ጥራዝ ውስጥ ያለ ጋዜጣ የሚጠቅመው ቀኑን ለሚያውቅ ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የፈሉት የግል ጋዜጦችማ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ የተዘጋ ጋዜጣን ክምችት ማን ይጠብቃል?

ሌላ አገር እንዴት አደረገው? ኢስቶኒያ የሕዝቧ ቁጥር 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያነሰ። ዋና ከተማዋ ታሊን በ1944 እ.ኤ.አ. በሶቪየት የአየር ድብደባ ክፉኛ ፈርሳለች። ዛሬ ግን የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጋዜጦችን በኢንተርኔት ከፍቷል። አንድ የታሊን ሰው የመንገዱን ስም ጽፎ አያቱ ስላነበበው ዕለት ማንበብ ይችላል። ኮምፒዩተሩ አሳስቶ ያነበበውን ፊደል የሚያርሙት ደግሞ ራሳቸው አንባቢዎቹ ናቸው።

እኛ ጋ ስካን ማድረግ ብቻ አይበቃም። «ሰፈር» ብሎ የፈለገ «ሠፈር» ተብሎ የታተመውን አያገኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ የድሮ አራሚዎች እንደየልማዳቸው ጽፈዋል። ይህን የሚያቻችል መፈለጊያ መሥራት ይቻላል፤ ከአንድ አደባባይ ፏፏቴ የሚከብድ ሥራም አይደለም።

ልደታ ላይ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ቆመ። በ2016 የኮሪደር ልማት ፒያሳን ነካ። ለታሪክ ሲባል ሰው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር፣ በጋራ መጸዳጃ ይኑር የሚል የለም፤ ቢኖርም እዚያ የማይኖር ነው። ነገር ግን ቤቱ ሲፈርስ ቁጥሩም ይጠፋል፣ ዕድርተኛውም በየአቅጣጫው ይሄዳል። ነገ አንድ የጌጃ ሰፈር ልጅ የአያቱ ቤት የት ጋ እንደነበረ ሊያጣራ ቢነሳ፣ ምናልባት ያለው ብቸኛ ማስረጃ አንድ ቀን የወጣ ባለ አምስት መስመር የወራሽነት ማስታወቂያ ነው። ቀኑን ካላወቀ ግን የሠላሳ ዓመት ጥራዝ ፊቱ ይደረደርለታል፤ ከመስከረም አንድ ጀምሮ ያገላብጣል።