በረዶ ላይ የተጫወቱት ገና

ለንደን እንደመጣሁ ማታ ማታ ካናሪ ዋርፍ ቢሮ አጸዳ ነበር። አንዳንድ ምሽት ባቡሩ ሻርፕ በጠመጠሙ ሰዎች ይሞላና «ክሮስሃርበር እና ለንደን አሬና» ጣቢያ ላይ ባዶ ይቀራል። አንድ የዕረፍት ቀን ተከትያቸው ወረድኩ። ያየሁት የኛው ገና ነው፤ ዱላው ያው ቆልማማ፣ ሩሩ ግን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ሜዳውም በረዶ።

በአሬናው ይጫወት የነበረው የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ የለንደን ናይትስ፣ አሰልጣኝ ካናዳዊው ክሪስ ማክሶርሊ ነበር። በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሐሚልተን ተወለደ። በአጥቂነት የተጫወተው በታችኞቹ ሊጎች ነው፤ ትልቁን የሰሜን አሜሪካ ሊግ ኤን ኤች ኤልን አልረገጠም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ለማክሶርሊዎች የተነገረ አይመስልም። በሆኪ ያጠፋ ተጫዋች ቅጣት ሳጥን ገብቶ ደቂቃ ይቆጥራል፤ ክሪስም ሳጥኑን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ወንድሙ ማርቲማ የታላቁ የሆኪ ኮከብ የዌይን ግሬትዝኪ ጋሻ ጃግሬ ነበር። በ2000 የሌላ ቡድን ተጫዋች ጭንቅላት በዱላ መትቶ ታገደ፤ ለንደን መጥቶ ለክሪስ ሊጫወት ሲል ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከለከለው።

ክሪስ ግን በአሰልጣኝነቱ ሌላ ሰው ወጣው። አሜሪካ ውስጥ የቶሊዶን ቡድን በ1993 እና በ1994 ተከታታይ ዋንጫ አስበላ። ለንደን በ1999 ገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት የብሪታንያን ሱፐር ሊግ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን በአውሮፓ ኮንቲኔንታል ካፕ ሁለተኛ አደረገ።

በ2001 ጄኔቫ ሄደ። የከተማዋን ቡድን ሰርቬትን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ተረክቦ በዓመቱ ወደ ላይኛው ሊግ አወጣው፤ ሁለት አሥርት ዓመት ገደማም እዚያው ቆየ። ናይትስ ግን በ2003 ፈረሰ፤ ሱፐር ሊጉም አብሮት። እኔ ለክለቡ መፍረስ ገንዘቡን ብቻ አልወቅስም። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ የሰፈሩ ልጅ ነገ እጫወትበታለሁ የማይለው ቡድን ባለቤቱ ሲሰለች ማን ያነሣዋል?

አሬናው በ2006 ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። ጣቢያውም አሁን ክሮስሃርበር ብቻ ነው የሚባለው።

ጨዋታውን ለማየት የሚሻ ግን ደቡብ ለንደን፣ ስትሬታም ይሂድ። የበረዶ ሜዳው በ1931 ተከፍቶ፣ ፈርሶ፣ በ2013 እንደገና ተሠርቷል፤ የሰፈሩ ቡድንም እስካሁን ይጫወትበታል። ጋቢ መያዝ እንዳትረሱ።