የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በኢትዮጵያ ጋብቻን፣ ፍቺንና የልጆችን ጉዳይ የሚገዛ የፌዴራል ሕግ ነው። ሰብዓዊ መብቶች በግለሰቦች መካከል ያለውን ግንኙነት በሚወስነው የግል ሕግ ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

የቀድሞው ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር። ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ትገደድ ነበር። መኖሪያ ቤቱን የሚመርጠውም እሱ ነበር። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት ግን 15 ዓመት ነበር።

ለውጡ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በአንቀጽ 9 መሠረት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚነት ስለሌለው የቤተሰብ ሕጉን ማሻሻል አስፈላጊ ሆነ።

በአዲሱ ሕግ፦

• የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ፤ በከባድ ምክንያት ግን የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ 2 ዓመት ሊቀንስ ይችላል።
• ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት ይመራሉ።
• የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።
• ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሌዎች ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ።

ተፈጻሚነት

ሕጉ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፤ ሆኖም የሕገ መንግሥቱን የእኩልነት ድንጋጌ ማክበር አለባቸው። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ ጉዳያቸው በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል።