የማንቶን የባሕር ዳርቻና የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን፦ አየር እንደ መድኃኒት የታዘዘበት ዘመን

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከኢጣልያ ድንበር አጠገብ የምትገኘው ማንቶን ዛሬ የታወቀች የሜዲትራንያን መዝናኛ ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ጠጠራማው ዳርቻዋ በዋናተኞችና ፀሐይ በሚሞቁ ጎብኚዎች ይሞላል። ከአሮጌው ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ግን በርካታ እንግሊዛውያን፣ ጀርመናውያንና ሩሲያውያን ያረፉበት የመቃብር ሥፍራ ይገኛል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በወጣትነታቸው በሳንባ ነቀርሳ የተቀጠፉ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ከአገራቸው አውጥቶ ወደዚህ ዳርቻ ያመጣቸው የሐኪም ትእዛዝ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚያን ትእዛዝ አመጣጥና ፍጻሜ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትእዛዙ አመጣጥ

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አውሮፓ የነበሩ አብዛኞቹ ሐኪሞች የሳንባ ነቀርሳን በዘር ከሚወረስ የሰውነት ድክመት የሚመነጭ በሽታ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ፈዋሽ መድኃኒት ስላልነበራቸውም ቀዝቃዛውንና ጭጋጋማውን አገር ለቆ ወደ ደቡብ መሄድን ያዝዙ ነበር። እርሱ ራሱ ሐኪምና የደረት ሕመምተኛ የነበረው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ቶቢያስ ስሞሌት ከ1763 ጀምሮ በኒስ ከተማ ተቀምጦ በባሕር ይታጠብ ነበር፤ በ1766 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፉም አካባቢውን ለአገሩ ሰዎች አስተዋወቀ።

ማንቶንን ያስታወቃት ደግሞ ጀምስ ሄንሪ ቤኔት የተባለ እንግሊዛዊ የሴቶች ሐኪም ነው። ቤኔት በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ በ1859 ወደ ማንቶን መጣ፤ ሕመሙም ተሻለው። በ1861 ስለ አካባቢው የአየር ጠባይ ያሳተመው መጽሐፍ ደጋግሞ ታተመ። የአልፕስ ተራሮች ከተማዋን ከሰሜን ነፋስ ይከልሏታል፤ ውርጭ የማይችለው የሎሚ ዛፍም በደጅ ያፈራባታል። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ የተደረሰበት ድምዳሜ ግን በአብዛኛው ቤኔትን በመሰሉ፣ ተርፈው ታሪካቸውን በተናገሩ ሰዎች ምስክርነት ላይ የቆመ ነበር። ያልተረፉት ታሪካቸውን የሚጽፉበት ዕድል አልነበራቸውም።

በ1869 የባቡር ሐዲድ ማንቶን ሲደርስ የሕሙማኑ ቁጥር እየበዛ ሄደ። በዚያን ጊዜ ዳርቻው የሚፈለገው በብርድ ወራት ሲሆን ሙቀቱ ሲበረታ ሆቴሎቹ ይዘጉ ነበር። ሕሙማኑ የሚመጡት ለዋና ሳይሆን በባሕሩ ዳር ለመቀመጥና በዝግታ ለመራመድ ነው። በሳንባ ሕመም ይሠቃይ የነበረው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1873 ወደ ማንቶን ተልኮ ነበር። በ1880 ግን ያው ሕመምተኛ ዳቮስ ወደተባለው የስዊዘርላንድ በረዷማ ተራራ እንዲሄድ ተደረገ። ትእዛዙ ከሞቃት ዳርቻ ወደ ቀዝቃዛ ተራራ ሲዛወር ሁለቱን አነጻጽሮ የመዘነ ጥናት አልነበረም።

የተናቀው የደቡብ ሰዎች ዕውቀት

ሰሜናውያን ሐኪሞች በሽታው አይተላለፍም ሲሉ የሜዲትራንያን ሕዝቦች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። በ1782 የኔፕልስ መንግሥት ሐኪሞች የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን እንዲያሳውቁና የሟች ዕቃ እንዲቃጠል አዋጅ አውጥቷል። በ1838 የሙዚቃ ደራሲው ፍሬደሪክ ሾፓን ከጸሐፊዋ ከጆርጅ ሳንድ ጋር ወደ ማዮርካ ደሴት ሲሄድ ሕመሙ እንደታወቀ አከራያቸው ከቤቱ አስወጣቸው፤ ለሚቃጠለው ዕቃም አስከፈላቸው። በሰሜን የተማሩ ሰዎች ይህን እንደ ኋላ ቀርነትና እንደ ጭካኔ ቆጠሩት።

ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም ዣን አንቷን ቪልማን ከሟች የተወሰደ የነቀርሳ ቁስ ወደ ጥንቸሎች በማስገባት በሽታው እንደሚተላለፍ በ1865 ለፓሪስ የሕክምና አካዳሚ አስረዳ። የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ሕሙማን ወደ ዳርቻው መጉረፋቸውን ቀጠሉ። በሽታው አይተላለፍም እስከተባለ ድረስ ክፍል ለምታጸዳውና ልብስ ለምታጥበው የአገሬው ሴት ጥንቃቄ ማስተማር የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር። በመጨረሻም ሮበርት ኮክ በመጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን የበሽታውን ባክቴሪያ ይፋ አደረገ። በዚያው ወቅት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በማንቶን ለማረፍ መጥታ ነበር።

ከቸልታ ወደ ፍርሃት

እውነቱ መታወቁ ለሕሙማኑ ወዲያው እፎይታ አላመጣላቸውም። ፈዋሽ መድኃኒት ሳይገኝ ተላላፊነቱ ብቻ ስለታወቀ፣ ትናንት በክብር ይቀበሏቸው የነበሩ የመዝናኛ ከተሞች ጤነኛ እንግዶችን እንዳያሸሹባቸው ፈሩ። ሕሙማንም ቀስ በቀስ ለብቻቸው ወደተሠሩ ሳናቶሪየሞች ተወሰዱ። ሠዓሊው ኦብሪ ቢርድስሊ ግን በ1898 በ25 ዓመቱ ያረፈው በዚያው በማንቶን ነው። ሐኪምና ደራሲ የነበረው አንቶን ቼኾቭም ከ1897 እስከ 1898 ያለውን የብርድ ወቅት ያሳለፈው በአቅራቢያዋ በኒስ ነበር።

ዳርቻው ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ ያዘ። በ1903 ኒልስ ፊንሰን በቆዳ ነቀርሳ የብርሃን ሕክምና የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ኦገስት ሮልየር ደግሞ በስዊዘርላንድ የአጥንት ነቀርሳን በፀሐይ ማከም ጀመረ። የፀሐይ ዝና ከሕክምና ቤት ወደ ዳርቻው ተሻገረ። በ1920ዎቹ በሙቀቱ ወራት ወደ ባሕር መውረድ ፋሽን ሆነ፤ በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኞች የሁለት ሳምንት የክፍያ ዕረፍት ሲፈቀድላቸው ዳርቻው ለብዙኃኑም ተከፈተ። ይሁንና ይህም ዝና ገደብ አላጣም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1992 የፀሐይ ጨረርን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ማስረጃው የሰጠው ፍርድ

በ1948 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት ስትሬፕቶማይሲንን ከአልጋ ዕረፍት ጋር የወሰዱ ሕሙማንን በዕረፍት ብቻ ከታከሙት ጋር አነጻጸረ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 55 ሰዎች 4፣ ከሁለተኛዎቹ 52 ሰዎች ደግሞ 14 ሞቱ። በ1959 በሕንድ የማድራስ ጥናት ይበልጥ የሚያስደንቅ ውጤት አሳየ። በተጨናነቀ ቤታቸው ሆነው፣ አነስተኛ ምግብ እየተመገቡ መድኃኒታቸውን የወሰዱ ድሆች ያገኙት ውጤት በሳናቶሪየም ከታከሙት ጋር ተቀራራቢ ነበር። አብረዋቸው የኖሩት ቤተሰቦችም ከሌሎቹ የበለጠ ለበሽታው አልተጋለጡም።

«አየር ለውጥ» የሚለው ምክር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና በቂ ምግብ ዛሬም ጠቃሚዎች ናቸው፤ የመድኃኒትን ቦታ ግን አይተኩም። የማንቶን ታሪክ ለጤና ባለሙያ ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛው፣ የዳኑትን ብቻ ቆጥሮ ሕክምናን ማመስገን ብዙ ወጣቶችን ከወላጆቻቸው ርቀው በባዕድ አገር እንዲሞቱ ያደረገ ስሕተት መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ የሕዝብን ልማድ ሳይመረምሩ አጉል እምነት ብሎ መናቅ እውነትን ሊያዘገይ እንደሚችል ነው። ተላላፊነቱን አውቆ መጠንቀቅና ሕመምተኛውን ሳያገልሉ ማከም አብረው እንዲሄዱ ያስቻለው በጊዜው ተጀምሮ እስከ ፍጻሜው የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ስለዚህም ሕመምተኛው መድኃኒቱን በቤቱ፣ በቤተሰቡ መካከል ሆኖ እንዲጨርስ መርዳት የእያንዳንዱ ጤና ባለሙያ ኃላፊነት ነው።