የኬንያ የባሕር ጠረፍ፤ መልክዐ ምድሩና ታሪኩ

የአፍሪካን ካርታ ዘርግቶ ከቀይ ባሕር በመነሣት በሶማሌ ጠረፍ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ ተማሪ፣ የምድር ወገብን ጥቂት እንዳለፈ የኬንያን የባሕር ጠረፍ ያገኛል። ይህ ምድር ከሶማሌ ወሰን እስከ ታንዛንያ ወሰን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እስከ 2013 ድረስ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ከሞምባሳ ከተማ ይተዳደር ነበር። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ግዛቶችን ስላስቀረ ግን ዛሬ በስድስት ካውንቲዎች ተከፍሎ ይገኛል፤ እነርሱም ሞምባሳ፣ ክዋሌ፣ ኪሊፊ፣ ታና ሪቨር፣ ላሙና ታይታ ታቬታ ናቸው። በ2009 በተደረገው ቆጠራ 3,325,307 ሕዝብ ይኖርበት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለዚህ አገር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመርከቦቹና የምሽጎቹ ዝና ነው። እኛ ግን ከዚያ ጋር አንድ ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን፤ ይኸውም ባሕሩን የሚገዙት ጌቶች በየዘመኑ ሲለዋወጡ መሬቱ የማን ሆነ? የሚለው ነው።

መልክዐ ምድሩ

የአገሩ አቀማመጥ በሦስት ሊከፈል ይችላል። መጀመሪያው የባሕሩ ዳርቻ ነው። ከዳርቻው ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በብዙ ዘመን የገነቡት የድንጋይ አጥር ተዘርግቷል። ይህ አጥር የውቅያኖሱን ማዕበል ስለሚሰብር በውስጡ ያለው ውኃ የረጋ ነው። ታላላቅ ወንዞች በሚገቡበት ስፍራ ግን ንጹሕ ውኃና ደለል ኮራሉን ስለማያበቅሉት አጥሩ ይቋረጣል። ከወንዞቹም ዋነኞቹ ከኬንያ ደጋ የሚወርደው ታናና በማሊንዲ አጠገብ የሚገባው ሳባኪ ናቸው። በየባሕር ገቡ ማንግሮቭ የሚባለው፣ ሥሩን በጨው ውኃ ውስጥ ሰድዶ የሚኖር ዛፍ ይበቅላል።

ሁለተኛው ከዳርቻው ቀጥሎ ያለው ጠባብ ለም ምድር ነው። አየሩ ሞቃትና ወበቃም ሲሆን፣ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ይዘንባል። ኮኮናት፣ ማንጎ፣ ካሹና በቆሎ ይበቅልበታል። ሦስተኛው ከለሙ ምድር በስተጀርባ ያለው ኒካ የሚባለው እሾሃማ ደረቅ ቆላ ነው። ኒካ ውኃ የሌለው ሰፊ አገር ስለሆነ የጠረፉን ሰዎች ከመካከለኛው ደጋ ለይቷቸው ኖሯል። ከዚህም የተነሣ የጠረፉ ከተሞች ጀርባቸውን ለምድር፣ ፊታቸውን ለባሕር ሰጥተው አደጉ።

ነፋስ የሠራቸው ከተሞች

እነዚህን ከተሞች የሠራቸው ነፋስ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ፣ በስዋሒሊ ካስካዚ የሚባለው፣ የዓረብንና የሕንድን ጀልባዎች ወደ አፍሪካ ያመጣል። ከሚያዝያ በኋላ ነፋሱ ተገልብጦ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ሲነፍስ ደግሞ ያው ጀልባዎች ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ነጋዴው የነፋሱን መለወጥ ሲጠብቅ ወራት ይቀመጣል፤ ያገባል፤ ይወልዳል። ከዚህ ኑሮ ነው፣ መሠረቱ የአፍሪካ የሆነ፣ ከዓረብኛም ብዙ ቃላት የወሰደ የስዋሒሊ ቋንቋና ሥልጣኔ የበለጸገው። ስሙም «ጠረፎች» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው።

ላሙ፣ ማሊንዲ፣ ጌዲና ሞምባሳ በዝሆን ጥርስ ንግድ በለጸጉ፤ ቤታቸውንም በኮራል ድንጋይና በማንግሮቭ ወራጅ ሠሩ። ዝነኛው መንገደኛ ኢብን ባቱታ በ1331 ሞምባሳን ጎብኝቷል። በ1415 ደግሞ ከማሊንዲ የተላከች ቀጭኔ ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቀርባለች።

በ1498 ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ደጋማ ከደቡብ መጣ። ሞምባሳ በጥርጣሬ ተቀበለችው፤ ማሊንዲ ግን ወደ ሕንድ የሚመራ መንገድ አዋቂ ሰጠችው። የቫስኮ ልጅ ክሪስቶፎር ደጋማ በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋር በምፅዋ ገብቶ ከአፄ ገላውዴዎስ ወገን ሲዋጋ፣ በ1542 በአገራችን መሞቱን ከኢትዮጵያ ታሪክ እናውቃለን። ሞምባሳን ፖርቱጋሎች በ1505 ዘርፈው አቃጠሏት፤ ከ1593 ጀምሮም ፎርት ጂሰስ የተባለውን ታላቅ ምሽግ ሠሩባት። የዖማን ዓረቦች ምሽጉን ከ1696 እስከ 1698 ከብበው ያዙት። የዖማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ደግሞ በ1837 ሞምባሳን ጠቅልሎ ያዘ፤ ከዚያም በኋላ ጠረፉ ከዛንዚባር ይገዛ ነበር።

በ1844 ወደ ሞምባሳ የመጣው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ሉድቪግ ክራፕፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ተቀምጦ ነበር። ወደ ሸዋ እንዳይመለስ ሲከለከል ወደዚህ ጠረፍ ወረደ፤ ሚስቱንና ልጁን በዚያው ዓመት ቀበረ፤ የስዋሒሊን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ከጓደኛው ከሬብማን ጋር ሆኖ በራባይ ሲኖር፣ ሬብማን በ1848 የኪሊማንጃሮን፣ እርሱም በ1849 የኬንያ ተራራን በረዶ አይተው ለአውሮፓ አስታወቁ።

አሥር ማይል መሬትና አንድ ወረቀት

በ1886 እንግሊዝና ጀርመን ተስማምተው የሱልጣኑን ግዛት ከባሕሩ ወደ ውስጥ አሥር ማይል ብቻ ነው ብለው ወሰኑ። በ1895 እንግሊዝ ይህን የአሥር ማይል ምድር ከሱልጣኑ በኪራይ ተረከበ። ሰንደቅ ዓላማው የሱልጣኑ፣ አስተዳደሩ የእንግሊዝ ሆነ። በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው የምድር ባቡር ኒካን አቋርጦ በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 የቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ከዚያም በኋላ መናገሻው ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ተዛወረ። የጠረፉ ፊት ወደ ምድር ዞረ ማለት ነው።

ነገር ግን ለገበሬው ከባቡሩ ይልቅ የበለጠ ለውጥ ያመጣው አንድ ሕግ ነበር። በ1908 በወጣው የመሬት ማስመዝገቢያ ሕግ መሠረት ይገባኛል የሚል ሁሉ ማስረጃ አቅርቦ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። ወረቀት የነበራቸውና የመንግሥቱን አሠራር የሚያውቁ ሰዎች አስመዘገቡ። ዘጠኝ ነገድ የሆኑት ሚጂኬንዳዎች ግን መሬት በአባትና በአያት፣ በካያ ይታወቃል እንጂ በወረቀት አይታወቅም ነበር። ካያ ማለት በደን የተከበበ የአያቶች መንደርና የጸሎት ስፍራ ነው። በ1907 ባርነት ሲሻር ነፃ የወጡትም ሰዎች ያረሱትን መሬት በስማቸው አላገኙም። በዚህ ዓይነት ብዙ ሰው በተወለደበት መሬት ላይ «ያለ ፈቃድ የሰፈረ» ተባለ።

በ1913 ከሚጂኬንዳዎች አንዱ የሆነው የጊሪያማ ሕዝብ ተነሣ። መሪያቸው መካቲሊሊ ዋ መንዛ የምትባል ሴት ነበረች። እንግሊዞች የቤት ግብር ሲጥሉ፣ ወጣቶቹን ለጉልበት ሥራ ሲጠይቁ፣ ሕዝቡን ሰብስባ በመሐላ አስተባበረች። ተይዛ ወደ ሩቁ ምዕራብ ብትጋዝም አምልጣ ተመለሰች። በ1914 እንግሊዞች ካያ ፉንጎን በድማሚት አፈረሱ፤ ጊሪያማዎችንም በጦር ወጓቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ ካያውን ያፈረሰው እጅ አስቀድሞ ባለርስቱን ንቆ ነበር።

የነፃነት ጊዜ ሲቃረብ ጠረፉ ለብቻው ይሁን፣ ወይስ ከኬንያ ጋር ይዋሐድ የሚል ክርክር ተነሣ። ነገሩን እንዲመረምሩ የተላኩት ሰር ጀምስ ሮበርትሰን በ1961 መዋሐዱን ደገፉ። በ1963 ጆሞ ኬንያታና የዛንዚባሩ ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ሻምቴ ተስማሙ፤ ሱልጣኑም መብቱን ተወ። በስምምነቱ የእስላም ዳኞች ፍርድ ቤት እንዲጠበቅ፣ ቀድሞ የተመዘገበውም የመሬት ባለቤትነት እንዲከበር ተጻፈ። የመጨረሻው ቃል ለተመዘገበለት ሰው ዋስትና ነበር፤ ለሚጂኬንዳው ገበሬ ግን የ1908ቱ ወረቀት ከነፃነት በኋላም እንዲቀጥል አደረገ።

ዛሬ

ላሙ በ2001፣ የሚጂኬንዳዎች ካያዎች በ2008፣ ፎርት ጂሰስ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። በ2017 ከሞምባሳ ናይሮቢ አዲስ የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ኬንያን፣ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን እንዲያገለግል በ2012 የተጀመረው የላሙ ወደብም በ2021 የመጀመሪያውን መርከብ ማቆሚያ ሥራ አስጀመረ። የመሬቱ ጥያቄም አልተረሳም፤ የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ያቋቋመው ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽን የጥንት የመሬት በደሎችን የመመርመር ሥልጣን ተሰጥቶታል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ፖርቱጋሉም፣ ዖማኑም፣ እንግሊዙም በየተራቸው መጥተው ሄደዋል። ምሽጋቸው ዛሬ የጎብኚ መመልከቻ ነው። አንድ ቀን በመዝገብ ላይ የተጻፈው፣ ወይም ሳይጻፍ የቀረው ስም ግን ከምሽጉ ድንጋይ ይልቅ ጸንቶ፣ የልጅ ልጆችን ኑሮ ሲወስን ኖረ። ስለዚህ የአገርን ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች፣ ወደቡን ማን ያዘው ብለን ስንጠይቅ፣ እርሻውስ በማን ስም ተጻፈ ብለን መጠየቅን አንርሳ።