አሌክስ ሮስ፦ ለልዕለ ኀያላን የሰው ገጽ የሰጠ ሠዓሊ

አሜሪካዊው አሌክስ ሮስ በሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ዓለም ስማቸው ከገነነ ሠዓልያን አንዱ ነው። በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ጽሑፍ ታሪክ የሚተርኩት እነዚህ መጽሔቶች፣ በተለምዶ ኮሚክ የሚባሉት፣ ለረጅም ዘመን በጥቁር መስመርና በጠፍጣፋ ቀለም ሲታተሙ ኖረዋል። ሮስ ግን ገጾቹን በብሩሽ ቀባ። በሰማይ የሚበሩትንና ተራራ የሚያነሡትን ገጸ ባሕርያት ልብሳቸው የሚጨማደድ፣ ግንባራቸው የሚሸበሸብ ሰዎች አድርጎ አቀረባቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮስ በ1970 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ተወልዶ በቴክሳስ ግዛት አደገ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ እናቱ ደግሞ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበሩ፤ የሁለቱም ውርስ በሥራዎቹ ላይ በግልጽ ይታያል። በ17 ዓመቱ ወደ ቺካጎ ሄዶ እናቱ ቀድሞ በተማሩበት የአሜሪካ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። አብዝቶ ከሚያደንቃቸው ሠዓልያን አንዱ የተራውን ሕዝብ ኑሮ በመጽሔት ሽፋኖች ላይ በመሣል የታወቀው ኖርማን ሮክዌል ነው። ሮክዌል ጎረቤቶቹን አስቁሞና ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሥል ነበር፤ ሮስም ይህንኑ መንገድ ያዘ። ትምህርቱን ሲጨርስ በማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሮ ሠራ፤ በ1990 ደግሞ ተርሚኔተር በተሰኘው ፊልም ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያው የኮሚክ ሥራው ታተመለት።

ሮስ ያመጣውን ለውጥ ለመረዳት የሙያውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ አንድ ኮሚክ የሚወጣው በብዙ እጆች ቅብብሎሽ ነው። አንዱ ታሪኩን ይጽፋል፤ ሌላው በእርሳስ ይነድፋል፤ ሦስተኛው ንድፉን በጥቁር ቀለም ያጸናል፤ አራተኛው ቀለም ይሞላል፤ አምስተኛው ቃላቱን ያሰፍራል። ይህ ክፍፍል መጽሔቱ በየወሩ ለአንባቢ እንዲደርስ ያስችላል። ሮስ ከንድፍ እስከ ቀለም ያለውን ሥራ ጠቅልሎ ያዘው። ወዳጆቹንና ቤተሰቡን ልብስ አልብሶ፣ መብራት አስተካክሎ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል፤ ከዚያ በእርሳስ ይነድፋል፤ ጥላውንና ብርሃኑን አስቀድሞ በጥቁርና በነጭ ይለያል፤ በላዩም ጓሽ የተባለውን፣ በውኃ የሚበጠበጥና የታችኛውን የሚሸፍን ወፍራም ቀለም ይቀባል። ውጤቱ የሚያምር ቢሆንም አሠራሩ አዝጋሚ ነው፤ ይህም አዝጋሚነት የኋላ የሥራ ሕይወቱን አቅጣጫ ወስኖታል።

ዝናው የወጣው በ1994 ከደራሲው ከርት ቢውሲክ ጋር በማርቭል ድርጅት ባሳተመው በአራት ክፍል የቀረበ ማርቭልስ የተሰኘ ሥራ ነው። የታሪኩ ዓይን ፊል ሼልደን የተባለ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ እንጂ ከልዕለ ኀያላኑ አንዱ አይደለም። ከተማው ላይ የሚሆነው ሁሉ ከመንገድ ዳር ቆሞ አንጋጦ በሚመለከት ሰው በኩል ይታያል። አንባቢው ኀያላኑን የሚያያቸው እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ በፍርሃትና በግርምት ስለሆነ፣ የሮስ እውነተኛ መሰል ቀለም ከዚህ የተሻለ ታሪክ ሊያገኝ ባልቻለም ነበር።

በ1996 ከደራሲው ማርክ ዌድ ጋር ለዲሲ ድርጅት ኪንግደም ከምን ሠራ። ርእሱ ከአባታችን ሆይ ጸሎት የተወሰደ ነው። በታሪኩ ያረጀው ሱፐርማን ከዓለም ርቆ ሳለ ኀላፊነት የማይሰማቸው አዳዲስ ኀያላን በግጭታቸው የአሜሪካ የእህል ጎተራ የሆነችውን የካንሳስን ምድር ያጠፋሉ። የዚህ ሁሉ ምስክር ኖርማን ማኬይ የተባለ አረጋዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ሮስ ለዚህ ገጸ ባሕርይ አምሳያ ያደረገው የገዛ አባቱን ነው።

ከፖል ዲኒ ጋር በ1998 ያወጣው ሱፐርማን፦ ሰላም በምድር የተባለው ትልቅ መጽሐፍ ግን ለገበሬ ይበልጥ ይቀርባል። ሱፐርማን በልጅነቱ ከአሳዳጊ አባቱ ዘር መዝራትን የተማረ የገበሬ ልጅ ነው። አንድ ቀን ረኀብን ከዓለም ለማጥፋት ተነሥቶ ከአሜሪካ ምክር ቤት ትርፍ እህል ይጠይቃል፤ እርሱንም ተሸክሞ ከአገር አገር ይበራል። አንዳንዱ በደስታ ይቀበለዋል፤ አንዳንዱ ይፈራዋል፤ እህሉን ለሕዝብ ማድረስ የማይሹ ገዥዎችም ያጋጥሙታል። በመጨረሻ በተተኮሰ ሚሳይል ምክንያት የያዘው እህል ተመርዞ ይበላሻል። በምድር ላይ ከእርሱ የሚበረታ የለም፤ ሆኖም እህል ማጓጓዝና ረኀብን ማጥፋት አንድ እንዳልሆኑ ይረዳል። ሮስ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እጅግ የተሳካለት በተራቡት ሰዎች ፊት ላይ ነው፤ የኀያሉ ጡንቻ ከእነርሱ ጎን ሲታይ ከንቱ ይመስላል።

ኮሚክስ ባየርስ ጋይድ የተባለው ኅትመት አንባቢዎች ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ተወዳጅ ሠዓሊ ብለው ስለመረጡት ዘርፉ ከውድድሩ እስከ መሰረዝ ደርሷል። ነቃፊዎችም አልጠፉም። በፎቶግራፍ ላይ መመሥረቱ ምስሎቹን ገትሮ ያቆማቸዋል፣ የቀድሞውን ዘመንም አብዝቶ ይናፍቃል የሚሉት ትችቶች መሠረት አላቸው። ሮጦ የሚያልፍ ድብድብ ከመስመር ሠዓሊ እጅ ይበልጥ ሕይወት ያገኛል።

ሮስ ከጊዜ በኋላ ሙሉ ታሪክ መቀባቱን እየቀነሰ ወደ ሽፋን ሥዕል አዘነበለ። አንድ ሽፋን አንድ ሥዕል ብቻ ስለሚጠይቅ ጓሽ የሚወስደውን ጊዜ ይችላል። አስትሮ ሲቲ ለተባለው ተከታታይ ከ1995 ጀምሮ ሽፋን ሠርቷል። በ2002 የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት ማስታወቂያ ሥዕልን፣ በ2004 ደግሞ በስፓይደርማን ሁለተኛ ፊልም መግቢያ ላይ የሚታዩትን ሥዕሎች አበርክቷል። ሥራዎቹ በፒትስበርግ በአንዲ ዋርሆል ሙዚየም፣ ኋላም በአርአያው በኖርማን ሮክዌል ስም በተሰየመው ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል።

በ2022 ታሪኩንም ሥዕሉንም ራሱ የሠራው ፋንታስቲክ ፎር፦ ፉል ሰርክል ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ሮስ ስም ያተረፈበትን የጓሽ ቅብ ትቶ፣ ከ30 ዓመታት በፊት ወደ ጎን ባደረገው በጥቁር መስመርና በደማቅ ጠፍጣፋ ቀለም ሠርቷል።